ልጄን ዝም ያሰኘው ክኒን

ጥያቄ፦ ልጄ 15 ዓመቱ ነው፤ የምንኖረው አዘዞ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የአእምሮ እድገቱ ዘገምተኛ ነው፤ አፉንም አልፈታም። ካለፈው ወር ወዲህ ሌሊት እየተነሳ ጉንጩን በጡጫ ይመታል፣ ይጮኻል። ጎረቤቴ ለወንድሟ የታዘዘውን ሃሎፔሪዶል የተባለ የአእምሮ ሕመም ክኒን ሰጠችኝና ሳያውቅ በሻይ እያሟሟሁ አንድ ሳምንት አጠጣሁት። ዝም አለልኝ። እሁድ ግን አንገቱ ተቆልምሞ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቀለ። «ቡዳ ነው» ተብሎ ጸበል ወሰድነው፤ ማታ ለቀቀው። ልጄን በድዬው ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ የሚያስጨንቅዎ «አእምሮውን በገዛ እጄ አጠፋሁት ወይ» የሚለው እንደሆነ ገብቶኛል። አላጠፉትም። የአንድ ሳምንት ክኒን ይህን አያደርግም።

አንገቱን የቆለመመው ግን በሻይ የሰጡት መድኃኒት እንጂ ቡዳ አይደለም። ሃሎፔሪዶል በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ሥራ ይገታል፤ የጡንቻን እንቅስቃሴ ከሚያስተካክሉት አንዱ ይኸው ዶፓሚን ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ በጨመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ይበልጡን በወጣት ወንዶች ላይ፣ አንገት ይጠመዘዛል፣ መንጋጋ ይቆለፋል፣ ምላስ ይወጣል። ልጁ በዚያ ሁሉ መሐል ነቅቶ ይሰማል፤ በቡዳ ስም ሲጮኹበትም ይሰማል። ማታ የለቀቀው የመድኃኒቱ ኃይል ስለደከመ ነው፤ ቀጣዩ ክኒን መልሶ ሊያመጣው ይችላል። ጸበሉን አልከለክልዎትም፤ አንገት ሲቆለመም ግን መጀመሪያ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። አንድ መርፌ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ያላቅቀዋል። ጉሮሮው ከታነቀ፣ ትንፋሹ ካፏጨ፣ ወይም ሰውነቱ እንደ እንጨት ደርቆ ካተኮሰው በውድቅት ሌሊትም ቢሆን ይዘውት ይሂዱ። እስኪነጋ አይጠብቁ።

አሁን ግን ልቆጣዎ ነው። ለሌላ ሰው የታዘዘ መድኃኒት፣ መጠኑ ሳይታወቅ፣ ያውም ተደብቆ! አንድ ወር ሙሉ ጉንጩን ሲመታ አፉን ከፍቶ ያየለት ሰው ነበር? አፍ ላልፈታ ልጅ ጡጫው ቋንቋው ነው። እንደ እርሱው የማይናገር፣ አገጩን ከግድግዳ ጋር የሚያጋጭ ልጅ አይቻለሁ። ከንፈሩን ሳነሣው ከኋላው መንጋጋ ሥር ድዱ አብጦ መግል ቋጥሯል። ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ ሌሊቱን ተኛ። ጥርስ፣ ጆሮ፣ የሆድ ድርቀት፣ ሌሊት የሚመጣ የሚጥል በሽታ፤ እነዚህ ሳይታዩ ክኒን መስጠት የሚጮኸውን ሰው አፍ ማፈን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጥናት የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውና ሰው የሚመቱ 86 አዋቂዎች በሦስት ተከፍለው ሃሎፔሪዶል፣ የእርሱ ዓይነት መድኃኒት የሆነው ሪስፐሪዶን ወይም ምንም መድኃኒት የሌለበት ክኒን ተሰጣቸው። በአራት ሳምንት ውስጥ ሁሉም ረገብ አሉ፤ ባዶውን ክኒን የወሰዱት ከሌሎቹ አላነሱም።

መድኃኒት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። እንደ ልጅዎ ያሉ ሰዎችም ድብርትና ሌላ የአእምሮ ሕመም ይይዛቸዋል፤ ሲይዛቸው መታከም መብታቸው ነው። ያን ጊዜ በትንሽ መጠን ይጀመራል፣ የልጁ ክብደት ይለካል፣ ጠቅሞት እንደሆነ የሚታይበት ቀን ይቆረጣል። ለልጁም ክኒኑ እየታየው፣ በሚገባው መንገድ ይነገረዋል። ያዘዘውን ሐኪም «ይህ የእርሱን ሥቃይ ለማቅለል ነው ወይስ ቤቱ ጸጥ እንዲል?» ብለው ይጠይቁት። ሐኪም በዚህ ቢቆጣ ይቆጣ።

ከዛሬ ጀምሮ ያንን ክኒን አይስጡት። (ታዞላቸው ለወራት የሚወስዱ ሰዎች ግን በድንገት እንዳያቋርጡ።) ነገ ጠዋት የክኒኑን ማሸጊያ ይዘው ልጅዎን ሆስፒታል ይውሰዱት። ዛሬ ማታ ፊቱን ሲያጥቡት ጉንጩን በጣትዎ ቀስ አድርገው ይዳስሱና በየትኛው በኩል እንደሚሸሽ ይመልከቱ፤ ለሐኪሙ መጀመሪያ ያንን ይንገሩት።