48 ዲግሪ ወይስ 53?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ በፊዚዮቴራፒ ሙያ እሠራለሁ። የታካሚዎችን አረማመድ ከጎን በስልክ ቀርጸን የጉልበትን መታጠፍ በኮምፒውተር እንለካለን። ስትሮክ ያገኛቸው አንድ አባት እግራቸውን ሲያነሱ ጉልበታቸው 48 ዲግሪ ታጠፈ፤ በሳምንቱ 53 ሆነ። በመጀመሪያው ቀን ግን ባልደረባዬ ኮምፒውተሩ ማዕዘኑን የሚያሰላባቸውን፣ እግር ላይ የሚለጠፉ ምልክቶች አንስታ እንደገና ለጥፋ ስትለካ 44 አገኘች። ተሽሏቸዋል ብዬ ልጻፍ? ወይስ ካሜራው ይቀየር?

መልስ፦ ካሜራውን ይተዉት፤ "ተሽሏቸዋል" የሚለውንም ገና አይጻፉ።

ዋናው ጥርጣሬያችን የለጣፊው እጅ ላይ ነው። ከጎን ሲለካ ማዕዘኑን የሚሠሩት ሦስት ነጥቦች ናቸው፦ ዳሌ አጠገብ በጎን የሚዳሰሰው የጭን አጥንት ጉብታ፣ ከጉልበት በላይ በውጪ በኩል ያለው ጉብታ እና የቁርጭምጭሚት ውጫዊ አጥንት። ጭኑም ቅልጥሙም 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን፣ የጉልበቱ ምልክት ወደ ፊት 1 ሳንቲ ሲሸሽ ንባቡ 3 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፤ ወደ ኋላ ሲሸሽ ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለታችሁን በ4 ዲግሪ ለማለያየት አንድ ሳንቲ ተኩል ይበቃል። ጉልበቱን አጠፍ ዘርጋ እያደረጉ ጉብታውን ይፈልጉ፤ ምልክቱን የሚለጥፉት ግን ታካሚው ቆመው ነው። ተቀምጠው ከተለጠፈ፣ ሲነሡ ቆዳው ከአጥንቱ ላይ ይንሸራተትና ምልክቱን ይዞት ይሄዳል።

የደብረ ብርሃን ብርድም የራሱ ጣጣ አለው። ሱሪ አላወልቅም ያለ ሰው አይፈረድበትም፤ ሆኖም ሱሪ ላይ የተለጠፈ ምልክት የሚነግርዎት የጨርቁን እንቅስቃሴ ነው። ክፍሉን ያሙቁ፣ ቁምጣ ያዘጋጁ፣ በየምልልሱ መካከል ጋቢ ያልብሷቸው።

ስልኩን በእጅ አይያዙት። በጉልበት ቁመት ልክ መቆሚያ ላይ አድርገው፣ ከመንገዱ 3 ወይም 4 ሜትር ርቆ ቀጥ ባለ ማዕዘን ይቁም። የሚለካው በምስሉ መካከል ያለፈው እርምጃ ብቻ ነው፤ ዳር ላይ ያለው በእይታ ማዕዘን ይዛባል። ብርሃን ካነሰ ምልክቱ ይደበዝዛል፣ ስለዚህ መስኮት አጠገብ ይሁን።

ፍጥነትንም ይመዝግቡ። ሰው ቀስ ሲል ጉልበቱ የሚታጠፈው ያነሰ ነው፤ እኚህ አባት በሁለተኛው ሳምንት ፈጠን ብለው ከነበር 5 ዲግሪው ከዚያ ሊመጣ ይችላል። 10 ሜትር ያስኬዷቸውና የመካከሉን 6 ሜትር ብቻ በሰዓት ይያዙ።

አሁን የራሳችሁን ስህተት ለኩ። ሁኔታቸው ያልተለወጠ 10 ያህል ሰዎችን በጥቂት ቀናት ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ምልክቱን ከአዲስ እየለጠፋችሁ ለኩ፤ በሥራ ላይ የምትፈራረቁ ከሆነ አንዱን እርስዎ፣ ሌላውን እሷ። የየሰዉን ልዩነት አውጥታችሁ የልዩነቶቹን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚበታተኑ የሚያሳየውን ቁጥር) በ1.96 አባዙ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 3 ዲግሪ ከሆነ ውጤቱ 6 ገደማ ነው፤ ያኔ ከ48 ወደ 53 መሄዱ ከስህተት አይለይም። ባለብዙ ካሜራ ላቦራቶሪም ከዚህ ነፃ አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የጥናቶች ግምገማ የአብዛኛው ማዕዘን ስህተት ከ5 ዲግሪ በታች ሆኖ ሳለ፣ የዳሌና የጉልበት መዞር ላይ ግን ከዚያ እንደሚበልጥ አሳይቷል። እግር ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ መዞሩንማ በአንድ ስልክ ከጎን ጨርሶ አይሞክሩት።