ህመሙ ጠፋ ማለት እግሩ ዳነ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። እሁድ እሁድ ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ እጫወታለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ወደ ውስጥ ታጠፈብኝ። አብጦና ጠቁሮ ነበር። በማግስቱ ወጌሻ ጋር ሄጄ ታሸሁ። ራጅ አልተነሳሁም። አሁን ህመሙ በጣም ቀንሷል፤ ማታ ማታ ግን ያብጣል። የፊታችን እሁድ የዋንጫ ጨዋታ አለን። በፋሻ ጥብቅ አድርጌ አስሬ ብገባስ? ዕረፍቱስ እስከ መቼ ነው?

መልስ፦ አጭሩን ላስቀድም። እሁድ አይጫወቱ። ተጠባባቂ ሆነውም መለያ ለብሰው አይቀመጡ፤ ቡድኑ ከተመራ ግባ መባልዎ አይቀርም።

ቁርጭምጭሚት ወደ ውስጥ ሲታጠፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው በውጭ በኩል ያለው ጅማት ነው። ሊለጠጥ፣ በከፊል ሊበጠስ ወይም ጨርሶ ሊበጠስ ይችላል። ያዩት ጥቁረት ከቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰውነት የተጎዳውን ቦታ ያጸዳል። በቀጣዮቹ ሳምንታት የተበጠሰውን በአዲስ ክር ይጠግናል። ይህ ክር መጀመሪያ ላይ የተዘበራረቀና ደካማ ነው። መስመር ይዞ እስኪጠነክር ወራት ይፈጃል። ህመሙ ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ ይጠፋል። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው «ድኛለሁ» ብሎ ሜዳ ይገባል፤ እግሩም በዚያው በኩል እንደገና ይታጠፋል። ይህ ሲደጋገም ጅማቱ ይላላል። በኋላ አስፋልት ላይ ሲሄዱ እንኳ እግር መክዳት ይጀምራል።

ፋሻ እብጠት ይቀንሳል፣ ትንሽም ይደግፋል። ያልጠነከረ ጅማትን ግን ከሩጫና ከግጭት አያድንም። ማስታገሻ ውጦ ወይም ተወግቶ መግባት ደግሞ ይብሳል፤ መድኃኒቱ ህመሙን እንጂ ጅማቱን አይጠግንም። ጨጓራ ካለብዎትማ ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱ።

ስለ መታሸቱም ልናገር። እጃቸው የተባረከ ወጌሾች እንዳሉ አውቃለሁ። ነገር ግን ትኩስ ጉዳትን በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ማሸት፣ በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍም፣ መድማቱንና እብጠቱን ያባብሳል። አጥንት ተሰብሮ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል። በእነዚያ ቀናት የሚሻለው እግርን በትራስ ከፍ አድርጎ መተኛትና በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መያዝ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ይሞክሩልኝ። የቁርጭምጭሚትዎን ጉብታ አጥንቶች፣ የውጩንም የውስጡንም፣ ከኋላ ጠርዛቸውና ከጫፋቸው ላይ ይጫኑ። በእግርዎ ውጫዊ ጠርዝ መሃል ላይ ያለውን ጎላ ያለ አጥንትም ይጫኑ። አጥንቱ ራሱ ካመመዎት፣ ወይም በተጎዱ ዕለት 4 እርምጃ መራመድ አቅቶዎት ከነበረ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ራጅ ይነሱ። ባትዎ ካበጠና ካመመዎት፣ እግርዎ ከደነዘዘ ወይም ከቀዘቀዘም እንዲሁ ቶሎ ይታዩ። ከባቱ ህመም ጋር ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ደረትዎን ከወጋዎት በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

አጥንቱ ደህና ከሆነ፣ ዕረፍት ስልዎ አልጋ ላይ ይዋሉ ማለቴ አይደለም። ብዙ የተኛ እግር ባቱ ይሟሽሻል፤ መገጣጠሚያውም ይደርቃል። የሚያርፉት ከሩጫ፣ ከዝላይና ከኳስ ነው። ካላመመዎት ለጥ ባለ መንገድ ይራመዱ። ተቀምጠው በእግርዎ ጣት አየር ላይ ፊደል ይጻፉ። ጥርስዎን ሲቦርሹ በተጎዳው እግር ብቻ ለመቆም ይሞክሩ፤ መጀመሪያ ግድግዳ ይያዙ። ቀጥሎ ተረከዝዎን እያነሱ በጣቶችዎ ይቁሙ። በማግስቱ ጠዋት እብጠቱ ወይም ህመሙ ከጨመረ አብዝተዋል ማለት ነው፤ ለአንድ ቀን ይቀንሱ።

«እስከ መቼ?» ላሉት፣ ቀላል ልጠጣ በጥቂት ሳምንታት ሊስተካከል ይችላል። በከፊል የተበጠሰ ጅማት 6 ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። እኔ ግን ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ እግሩን አምናለሁ። በተጎዳው እግር ብቻ እንደ ደህናው ያህል መዝለል ይቻላል? በፍጥነት ሮጠው፣ ያመኛል ብለው ሳይሰጉ ድንገት መታጠፍ ይችላሉ? ማታስ እብጠቱ ቀርቷል? ሦስቱም አዎ ከሆነ መጀመሪያ ልምምድ ይግቡ፣ ቀጥሎ ግማሽ ጨዋታ ይሞክሩ። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ሲጫወቱ የቁርጭምጭሚት መደገፊያ ያድርጉ፤ ድጋሚ የመታጠፍ ዕድሉን ይቀንስልዎታል።