ጥያቄና መልስ፦ ግማሹን ክፍያ አስቀድሞ የሚጠይቅ ኮንትራክተር

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ባለው ቤታችን 2 በ1.80 ሜትር የሆነውን ሻወር ቤት ልናሳድስ ነው። ኮንትራክተሩ ዕቃውንም የእጁንም ችሎ በጥቅል ዋጋ ሊሠራ ተስማምቶ ግማሹን አስቀድመን እንድንከፍል ይጠይቃል። እንስማማ?

መልስ፦ ግማሹ ይበዛል። ከ20 እስከ 30 በመቶ ስጡት፤ ቀሪውን በቀን ሳይሆን በተጠናቀቀ ሥራ ከፋፍሉት፣ 10 በመቶውን ደግሞ ጥቂት ሳምንታት እስክትጠቀሙበት ያዙ። «ጥቅል» የሚለው ቃል ብቻውን ጠብ ያመጣል። የሴራሚኩ ደረጃ፣ የቧንቧው ዓይነት፣ ፍርስራሹን ማን እንደሚያስወጣ በውሉ ይጻፍ። (ፍርስራሹ ሁሌም ይረሳና በር ላይ ተከምሮ ይቀራል።)

ሴራሚኩን ራሳችሁ አስሉት። ዙሪያው 7.60 ሜትር ነው፤ እስከ 2.10 ከፍታ ከለበሰ 16 ካሬ ይጠጋል። በሩ 1.5 ካሬ ይቀንሳል፣ ለስብራት 10 በመቶ ሲጨመር ተመልሶ 16 ይሆናል። ለወለሉ 4 ካሬ ይበቃል። ሁሉንም በአንዴ ግዙ፤ የካርቶኖቹ የምርት ቁጥር ከተለያየ ቀለሙ ግድግዳው ላይ ይለያያል።

ዋናው ነገር ከሴራሚኩ ሥር ያለው ነው። ቧንቧው ከመለሰኑ በፊት በግፊት ይፈተን። ወለሉ ወደ ፍሳሹ በሜትር 2 ሳንቲም ያህል ይዘቅዝቅ። የውሃ መከላከያው ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ ፍሳሹን ደፍናችሁ ውሃ ሙሉበትና 24 ሰዓት ጠብቁ፤ ከጎን ያለው ክፍል ግድግዳ ከራሰ ሴራሚክ አይለጠፍ። ሁለተኛውንም ክፍያ ከዚህ ፈተና በፊት አትልቀቁ።