ዜንያ አለቱን ሁሉ ወረሰው፤ እንዴት ላስወግደው?

ጥያቄ፦ 75 ጋሎን (284 ሊትር ገደማ) የባሕር ውሃ አኳሪየም አለኝ። እየተከፈተ እየተዘጋ የሚርገበገበው ዜንያ የተባለው ለስላሳ ኮራል ሲገባ አንድ ግንድ ብቻ ነበር። አሁን ዋናውን አለት ሸፍኖ የኋላውን መስታወት ይዟል፤ ሀመር ኮራሉንም መጫን ጀምሯል። በመቀስ ብቆርጠው ጭራሽ ባሰበት። ጓደኛዬ «አለቱን አውጥተህ ቀቅለው» ይለኛል። (አንባቢ፣ ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ አይቀቅሉት። በአለቱ ስንጥቅ ውስጥ ዞአንቲድ ወይም ፓሊቶዋ የሚባሉት የኮራል ዘመዶች ካሉ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ ሊይዙ ይችላሉ። መርዙን ሙቀት አያጠፋውም፤ ከእንፋሎቱ ጋር ሳንባ ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2014 በአላስካ በመኖሪያ ቤትና በአኳሪየም ሱቅ ሰዎች በዚሁ መርዝ ሳይታመሙ እንዳልቀሩ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ዘግቧል። በፈላ ውሃ ማጠብ፣ በብሩሽ መፈግፈግና በማሽን መቁረጥም ያው ነው። አፍዎን ብረት ብረት ካለዎት፣ ብርድ ብርድ ካለዎት፣ ካሳለዎት ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ቤቱን ለቀው ይውጡና ሐኪም ቤት ሲደርሱ «ፓሊቶክሲን» ብለው በስሙ ይንገሯቸው።

መቀሱ ያባሰበት ምክንያት ግልጽ ነው። አለቱ ላይ የቀረው እግር እንደገና ያቆጠቁጣል፤ የተበጠሰውንም ቁራጭ የፓምፑ ግፊት ወስዶ ሌላ ቦታ ይተክለዋል። ስለዚህ አለቱ የሚነሳ ከሆነ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ባልዲ ውስጥ ይሥሩ። ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ። ግንዱን አይጎትቱ፤ ምላጩን ከእግሩ ሥር አስገብተው፣ የድንጋዩን ገጽ ጭምር በስሱ እየላጡ ያንሱት። ሲጨርሱ አለቱን በሌላ ንጹሕ የባሕር ውሃ አለቅልቀው ይመልሱት።

የማይነሳ ከሆነ የኤሌክትሪክ ዕቃውን ሁሉ ከሶኬት ይንቀሉ። አንድ ሰው በወረንጦ ሲነቅል ሌላው 12 ሚሊ ሜትር ቱቦ አጠገቡ ይዞ ቁራጩን ወደ ባልዲ ይሳብ። ብቻዎን ከሆኑ ቱቦውን ከወረንጦው ጋር በላስቲክ ይሰሩት።

ስንጥቅ ውስጥ ለቀረው የካልክዋሰር ዱቄት (ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ) በተጣራ ውሃ እንደ እርጎ አወፍረው በሲሪንጅ ይቀቡት። ፓምፖቹ 20 ደቂቃ ያህል ቆመው ይቆዩ። ለእርስዎ አኳሪየም በቀን ከ5 ሚሊ ሊትር ባይበልጥ ይሻላል። የውሃው ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያ) 8.5 ከደረሰ ለዚያ ቀን ይብቃዎት።

ሁሉንም በአንድ ቀን ልጨርስ ማለት ትልቁ ስህተት ነው። የቆሰለ ለስላሳ ኮራል ጎረቤቱን የሚጎዳ ኬሚካል ይለቃል፤ የሞተው ደግሞ በስብሶ አሞኒያ ይሆናል። በሳምንት ሩብ ያህሉን ብቻ ያንሱ። በዚያው ቀን ግማሽ ኩባያ የታጠበ አክቲቬትድ ካርቦን (ውሃ የሚያጣራ ከሰል) ያስገቡ፤ ከውሃው 15 በመቶ ይቀይሩ፤ በማግስቱ አሞኒያ ይለኩ።

ትዕግሥት ላለው ሌላ መላም አለ። ባዶ ድንጋይ ዜንያውን እንዲነካ አድርገው ያስቀምጡ። ቀስ በቀስ እግሩን ዘርግቶ ይወጣበታል፤ ያን ጊዜ ከነድንጋዩ ያነሱታል። ሁሉን ባያጠፋም አንዳችም ቁስል የለውም።

ያነሱትን ወደ ወንዝ፣ ባሕር ወይም ሽንት ቤት አይልቀቁ። ለ24 ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ አቆይተው በተቋጠረ ፌስታል ወደ ቆሻሻ ይጣሉት። በቬንዙዌላ የሞቺማ ብሔራዊ ፓርክን የባሕር ወለል የወረረው ኡኖሚያ የዜንያ ዘመድ ሲሆን፣ የገባውም በአኳሪየም ንግድ በኩል ነው ተብሎ ይታመናል።

ጥያቄ፦ አረንጓዴው ስታር ፖሊፕ የተባለው ለስላሳ ኮራል አስቸግሮኛል። የውሻ የትል መድኃኒት (ፌንቤንዳዞል) ይገድለዋል ይባላል፤ ልጨምር?

መልስ፦ ይገድለዋል። ግን አለቱ ውስጥ ሰርጎ ይቆይና ቀንድ አውጣዎቹንና የቱቦ ትሎቹን ይጨርሳል፤ ከወራት በኋላ የሚገዙትንም ጭምር። መስታወት ላይ ያለው ምንጣፍ መሰል ሐምራዊ እግሩ በአሮጌ የባንክ ካርድ ጠርዝ በአንድ ቁራጭ ይላጣል። አለት ላይ ያለው ግን ይቆራረጣል፤ ከላይ የተባለውን ካልክዋሰር ይጠቀሙ። ከዚያ በኋላ ይህን ኮራል ማቆየት ከፈለጉ ከሌላው አለት ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ርቆ አሸዋ ላይ በተቀመጠ ድንጋይ ብቻ ይሁን።