ድራየሩ ይዞራል ግን አይሞቅም፦ ፊዩዙን ከመቀየርዎ በፊት ቱቦውን ይዩት

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ድራየራችን (የልብስ ማድረቂያው) የኤሌክትሪክ ነው፣ ስድስት ዓመት ሠርቷል። አሁን ከበሮው ይዞራል፣ የሚነፋው አየር ግን ቀዝቃዛ ነው። ባለፈው ዓመትም እንዲሁ ሆኖ ባለሙያ ፊዩዝ ቀይሮልን ነበር። ከዚያ ወዲህ ፎጣ ለማድረቅ ሁለት ሦስት ዙር ይፈጅበታል። ማሽኑ ያለው ምድር ቤት ነው፤ ቱቦው ወደ 24 ጫማ ተጉዞ፣ ሦስት ቦታ ታጥፎ በቤቱ ጀርባ ይወጣል። ይጠገናል ወይስ ሌላ ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። ከጻፉት ሁሉ ትልቁ ፍንጭ ቅዝቃዜው ሳይሆን «ሁለት ሦስት ዙር ይፈጅበታል» ያሉት ነው። ድራየር ልብስ የሚያደርቀው በሙቀት ብቻ አይደለም። ሙቀቱ ውሃውን ከጨርቁ ያላቅቀዋል፤ እርጥቡን አየር ጠራርጎ ከቤት የሚያስወጣው ደግሞ ነፋሱ ነው። ቱቦው ከልብስ በሚራገፍ ብናኝ ከጠበበ እርጥበቱ ከበሮው ውስጥ ይቀራል፣ ልብሱም ሞቆ ግን እንደረጠበ ይወጣል። ማሞቂያው የሚያመነጨው ሙቀት መውጫ ስለሚያጣ የማሽኑ ውስጥ ከልክ በላይ ይግላል። ፊዩዙ የሚቆርጠው ይሄኔ ነው። የተሠራውም ለዚሁ ነው፤ ቤትዎን ከእሳት ጠብቋል። ባለፈው ዓመት ፊዩዙ ተቀይሮ ቱቦው ሳይነካ ከቀረ፣ ሁለተኛው ፊዩዝም በዚያው ምክንያት መቃጠሉ አይቀርም።

ይህ በጣም የሚያመዝን ግምት ቢሆንም ካቻቢቴ ከማንሳትዎ በፊት ብሬከሩን (ችግር ሲኖር መስመሩን የሚያቋርጠውን ማብሪያ ማጥፊያ) ይዩ። አሜሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ድራየር የሚሠራው በ240 ቮልት ነው፤ ብዙውን ጊዜም ጥንድ የ30 አምፔር ብሬከር አለው። ማሞቂያው ሁለቱንም መስመሮች ይፈልጋል። ሞተሩ ግን በአንዱ መስመር፣ በ120 ቮልት፣ ይዞራል። ስለዚህ አንዱ መስመር ሲቋረጥ ከበሮው እንደወትሮው እየዞረ ሙቀት ብቻ ሊጠፋ ይችላል። ብሬከሩ የበራ ቢመስልም እስከ መጨረሻው ወደ ማጥፊያው ገፍተው መልሰው ያብሩት። ሙቀት ከመጣ ጥሩ ነው። ደግሞ ከጣለ ግን ደጋግመው አያብሩት፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጥሩ። የማሽኑን መሰኪያ ነቅለውም የመሰኪያውን እግሮች ይመልከቱ። የጠቆረ ወይም የቀለጠ ካለ ሶኬቱም ገመዱም መቀየር አለባቸው።

ቀጥሎ ነፋሱ። ማሽኑ ቀዝቃዛ አየር ቢነፋም ይህን መፈተሽ ይቻላል። ድራየሩን አስነስተው ወደ ቤቱ ጀርባ ይውጡና መውጫው ላይ ያለውን ክዳን ይዩ። ክዳኑ በደንብ ተነሥቶ መቆየት፣ አየሩም እጅዎን ገፋ ማድረግ አለበት። የሚርገበገብ ወይም በግማሽ የተከፈተ ከሆነ መንገዱ ተዘግቷል። ከዚያ ማሽኑን አጥፍተው፣ ነቅለው፣ ቱቦውን ከጀርባው ያላቁት፤ ለአንድ ሁለት ደቂቃ እንደገና ያስነሱትና የሚወጣውን አየር በእጅዎ ያወዳድሩ። ከማሽኑ ጀርባ ብርቱ ሆኖ ውጭ ደካማ ከሆነ ጥፋቱ የቱቦው ነው። ከማሽኑ ራሱ ደካማ ሆኖ ከወጣ ብናኙ የተጠራቀመው ብናኝ ከሚይዘው የማሽኑ ወንፊት በታች ባለው መተላለፊያ ወይም በማራገቢያው ዙሪያ ነው። ይህን ፍተሻ በጋዝ ድራየር ላይ ፈጽሞ እንዳያደርጉት። የጋዝ ድራየር ከቱቦው ሲላቀቅ የሚገድል ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ቤት ይለቃል።

ከማሽኑ ጀርባ ያለችውን አጭር ቱቦ ልብ ብለው ይዩዋት፤ አብዛኛው ችግር ያለው እዚያ ነው። ማሽኑ ወደ ግድግዳ ሲገፋ ትጨፈለቃለች፤ ክብ የነበረው አፏ ሁለት ጣት የማያስገባ ስንጥቅ ይሆናል፣ እጥፋቱም ላይ እርጥብ ብናኝ ይጋገራል። የምትጨማደድ ፕላስቲክ ወይም ስስ ፎይል ከሆነች አውጥተው ይጣሏት። በምትኩ 4 ኢንች ስፋት ያለው የብረት ቱቦ፣ ቢበዛ ከፊል ተጣጣፊ የሆነ አሉሚኒየም ያስገቡ፤ ርዝመቱም ከ8 ጫማ አይለፍ። በግድግዳና በጣሪያ ውስጥ የሚያልፈው ደግሞ ውስጡ ልሙጥ የሆነ የማይተጣጠፍ ብረት ይሁን። መገጣጠሚያውን በአሉሚኒየም ፕላስተር ያሽጉት፤ የጨርቁ ፕላስተር በሙቀት ደርቆ ይላቀቃል። ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ ብሎን አይጠቀሙ፤ ጫፉ ብናኝ እየያዘ ያከማቻል። ውጭ ባለው መውጫ ላይም ወንፊት ወይም ሽቦ መረብ አይኑር፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይደፈናል።

ርዝመቱም የራሱ ችግር አለው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች መሠረት የሆነው የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ የሚፈቅደው 35 ጫማ ነው፤ ለእያንዳንዱ 90 ዲግሪ መታጠፊያ ግን 5 ጫማ ይቀነሳል። የእርስዎ ሦስቱም መታጠፊያዎች 90 ዲግሪ ከሆኑ የቀረልዎ 20 ጫማ ነው፤ ያለዎት ደግሞ 24። አምራቹ በማሽኑ መመሪያ ውስጥ ከዚህ የረዘመ ከፈቀደ በዚያ መሄድ ይቻላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ መመሪያውን ያንብቡ። ካልፈቀደ አንድ መታጠፊያ ማስቀረት ይበልጣል። እሱ ካልተቻለ ብቻ ለድራየር ተብሎ የተሠራ አጋዥ ማራገቢያ በመስመሩ ላይ ይገባል። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ይህን ሥራ ለባለቤቱ በጽሑፍ ያሳውቁ።

ቱቦውን ለማጽዳት በድሪል የሚዞር፣ ዘንጎቹ እየተቀጣጠሉ የሚረዝሙ ብሩሽ ይግዙ። ድሪሉን ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ብቻ ያዙሩት፤ ወደ ግራ ከዞረ ዘንጎቹ ተፈትተው ብሩሹ ቱቦው ውስጥ ይቀራል። ብናኙን በቫክዩም እየሳቡ ያውጡ። ረጅምና ጠመዝማዛ መስመር ስለሆነ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይጸዳ፤ የቤተሰቡ ልብስ ብዙ ከሆነ ሁለቴ። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር ከ2008 እስከ 2010 ያለውን መረጃ ይዞ እንዳወጣው፣ በእነዚያ ዓመታት በየዓመቱ ወደ 2,900 የሚጠጋ የቤት ቃጠሎ ከልብስ ማድረቂያ ይነሣ ነበር፤ ቀዳሚው ምክንያትም አለማጽዳት ነበር።

አሁን ወደ ፊዩዙ። ማሽኑን ይንቀሉ፤ በማብሪያው ማጥፋት አይበቃም። በብዙ ሞዴሎች የኋላ ክዳኑ ሲከፈት በማራገቢያው ቤት ላይ ትንሿ ነጭ ፊዩዝ፣ በማሞቂያው ቤት ላይ ደግሞ ሌላ በግለት የሚቆርጥ ቆራጭና ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት ይታያሉ። ሽቦዎቹ ቦታቸው እንዳይጠፋ መጀመሪያ ፎቶ ያንሷቸው። ከዚያ ከእያንዳንዱ ላይ ሽቦውን ነቅለው በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ኦም ይለኩ። ደህናው ወደ 0 ይጠጋል፤ የተቃጠለው ምንም አያነብም። ተቃጥሎ ካገኙት በሽቦ አገናኝቶ ማለፍ ክልክል ነው፤ ከዚያ በኋላ ግለቱን የሚያቆመው ነገር የለም። በማሞቂያው ቤት ላይ ያለው ቆራጭ ከተቃጠለ ከጎኑ ያለውን ቴርሞስታትም አብረው ይቀይሩት። ዕቃ ሲያዙ በበሩ ክፈፍ ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ይጠቀሙ፤ መልኩ ተመሳሰለ ብሎ የሌላ ሞዴል ፊዩዝ ማስገባት አይገባም፣ የሚቆርጡበት ሙቀት ይለያያልና።

ፊዩዞቹ ደህና ከሆኑ ማሞቂያውን ይለኩ። በ240 ቮልት 5,400 ዋት የሚስብ ማሞቂያ 10.7 ኦም አካባቢ ነው፤ ከ8 እስከ 12 ያለ ንባብ ብዙውን ጊዜ ጤና ነው። ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። ቀጥለው አንዱን መለኪያ በማሞቂያው ጫፍ፣ ሌላውን በብረት ቤቱ ላይ ያድርጉ። እዚህ ምንም ማንበብ የለበትም። ካነበበ ጥቅልሉ ረግቦ ብረቱን ነክቷል፤ እንዲህ ያለ ማሞቂያ «ያለ ሙቀት» በሚለው ምርጫ ላይ እንኳ ሊግል ስለሚችል ሳይቀየር ማሽኑ መነሣት የለበትም።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ባዶውን በከፍተኛ ሙቀት አስነስተው የማብሰያ ቴርሞሜትር በመውጫው ላይ ይያዙ። ከ120 እስከ 160 ዲግሪ ፋራናይት መካከል ከፍ ዝቅ እያለ መሄድ አለበት።

ወንፊቱ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ይጠረግ። ከልብሱ ጋር ድራየር ውስጥ የሚገባ የማለስለሻ ወረቀት የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ በየወሩ ውሃ ያፍስሱበት፤ ውሃው ሳያልፍ ከተኛ ዓይን የማያየው የቅባት ሽፋን ይዞታል ማለት ነው። በሙቅ ውሃ፣ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ያጥቡት፣ ሲደርቅ ይመልሱት።

ጋቢ የምታደርቁ ከሆነ በእጅ የተፈተለው ጥጥ ከፋብሪካ ጨርቅ እጅግ የበለጠ ብናኝ ያራግፋል፤ ድርብርብ ስለሆነም ብዙ ውሃ ይይዛል። ማጠቢያው ውስጥ ሁለት ጊዜ ይጨመቅ፣ ድራየር ውስጥ ብቻውን ይግባ፣ ሙቀቱም ዝቅተኛ ይሁን፤ ከፍተኛው ያሳጥረዋል። በመሃል አቁመው ወንፊቱን ጠርገው ጋቢውን ገልብጠው መልሰው ያስገቡት። ነጠላ ግን ዘርፉ ስለሚጠላለፍና ጥለቱ ስለሚጎዳ ድራየር ውስጥ ባይገባ ይሻላል፤ ተሰቅሎ በአንድ ሌሊት ይደርቃል።