ልጆችሽንና እናትሽን ይዘሽ ወደ ሴንት ጆሴፍ ስትሄጂ

እህቴ፣ በክረምቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁለት ልጆችሽንና እናትሽን ይዘሽ ቺካጎ ወደምትኖረው እህትሽ እንደምትሄጂ፣ እሷም በሚሺጋን ሐይቅ ዳር ወዳለችው ሴንት ጆሴፍ ልትወስዳችሁ እንዳሰበች ጽፈሻል። ልጆችሽ የመብራት ማማውን በፎቶግራፍ አይተው ልባቸው ተሰቅሏል። ለትንንሽ ልጆች ይሆናል ወይ፣ ማማው ድረስ መሄድ ይቻላል ወይ፣ ጉዞው በፍልሰታ ላይ ስለሚውል እናትሽስ ምን ይበላሉ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ የአራት ኪሎ ልጅ ነኝ፤ ቺካጎ ያለው ወንድሜ ዘንድ ስንሄድ ከልጆቼና ከእናቴ ጋር ወደዚያች ከተማ ተመላልሰናል። ሂዱ እላችኋለሁ፣ ሳታመነቱ ሂዱ። ውሃውን ግን እንደምናውቃቸው ሐይቆች አድርጋችሁ እንዳትገምቱት አደራ። ከሁሉም በላይ ልነግርሽ የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ ግን ስለ ቦታው ላስረዳሽ።

ከተማዋ የቆመችው ከፍ ባለ አፋፍ ላይ ሲሆን የአሸዋው ዳርቻ ከሥሯ ተዘርግቷል። ሲልቨር ቢች ይሉታል። ልጆች ላለው ሰው ቦታውን ልዩ የሚያደርገው ሁሉም ነገር ጎን ለጎን መሆኑ ነው። ከአሸዋው ወጥተሽ ጥቂት እንደተራመድሽ ከመሬት ወደ ላይ የሚፈነጥቀው ሰው ሠራሽ የውሃ ፏፏቴ አለ፤ ከፏፏቴው አጠገብ የሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ያሉበት አዳራሽ አለ፤ የባቡር ጣቢያውም እዚያው ነው። በዚህ ስፍራ ከ1891 እስከ 1971 ድረስ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ ነበረ። ፈርሶ ለብዙ ዓመታት ከቆየ በኋላ በ2010 ፈረሶቹ በአዲስ መልክ ተሠርተው ተመለሱ። ልጆችሽ ከውሃው አልወጣም ብለው ሲያስቸግሩሽ እነዚያን ፈረሶች መጥራት ይበቃል። ፏፏቴውን ያሠራው በዚሁ አካባቢ በ1911 የተመሠረተው የልብስ ማጠቢያ ማሽን አምራች፣ ዊርፑል ነው። የእኛ ልጆች በወዳጅነት ፓርክ የሚያዩትን የሚፈነጥቅ ውሃ ከዳር ቆመው ማየት ነው የለመዱት፤ በዚያኛው ግን መሐሉ ገብተው ይሯሯጡበታል፣ ክፍያም የለውም። ለትንሹ ልጅሽ ከሐይቁ ይልቅ እሱ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ጥልቀት የለውም፣ ማዕበል የለውም፣ አንቺም አጠገቡ ተቀምጠሽ ታዪዋለሽ። ዝናብ ከጣለ ደግሞ የልጆች ሙዚየም ስላለ ቀኑ አይባክንም።

እናትሽን በተመለከተ፣ ከአፋፉ ወደ ዳርቻው የሚያወርደው ደረጃ ጉልበት ይፈትናል። እስከ ታች በመኪና መውረድ ስለሚቻል እሳቸውን በደረጃው አታድክሚያቸው። የእኔ እናት ግን ከሁሉም የወደዱት አፋፉን ነው። እዚያ ላይ ጥላ ያላቸው ዛፎችና አግዳሚ ወንበሮች አሉ፣ ሐይቁም የመብራት ማማዎቹም ወለል ብለው ይታያሉ። ነጠላቸውን ተከናንበው እዚያ ይቀመጡና ጀልባዎቹ ሲወጡና ሲገቡ ሲያዩ ያረፍዳሉ። አሸዋ ላይ መቀመጥ ለሽማግሌ ምቹ አይደለም፤ ፀሐዩ ከላይ፣ ነጸብራቁ ከውሃው፣ ሙቀቱ ከሥር ነው። የሐምሌን ዝናብና ብርድ ለቅቆ ለሚመጣ የአዲስ አበባ ሰው ሙቀቱ ድንገተኛ ይሆንበታል። ነፋሱ ስለሚያታልል የፀሐይ መከላከያ ቅባትና ባርኔጣ ለልጆቹ አይቅር፤ እኩለ ቀን ላይ አሸዋው እግር ስለሚያቃጥል ነጠላ ጫማም ያዢላቸው።

አሁን ወደ መብራት ማማው ልምጣ። ሴንት ጆሴፍ የመብራት ማማ ያቆመችው በ1832 ነው፤ በሚሺጋን ሐይቅ ላይ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ዛሬ የምታዪዋቸው ሁለቱ ነጭ ማማዎች ቀይ ጣሪያ ያላቸው ሲሆኑ የውጭው በ1906፣ የውስጠኛው በ1907 የተሠሩ ናቸው። ሁለት የሆኑበት ምክንያት አለው። በጨለማ የሚመጣ ካፒቴን ሁለቱን መብራቶች አንዱን ከሌላው በላይ በአንድ መስመር ሲያያቸው መርከቡ እዚያ ወደ ሐይቁ ወደሚገባው ወንዝ አፍ በትክክል እያመራች እንደሆነ ያውቃል፤ ወደ ጎን ከተለያዩበት ግን መንገድ ስቷል ማለት ነው። ይህን ለልጆችሽ ንገሪያቸው፤ በሁለት የእጅ ባትሪ ቤት ውስጥ እንኳ ልታሳዪያቸው ትችያለሽ። ማማዎቹን የሚያገናኘው፣ ከቆሙበት የኮንክሪት መተላለፊያ በላይ በብረት እግር የተሠራው ድልድይ ደግሞ ጠባቂዎቹ ማዕበል ሲነሳ ሳይጠረጉ መብራቱ ድረስ እንዲደርሱ የተሠራ ነው። በ1995 የአሜሪካ ፖስታ ቤት የታላላቆቹን ሐይቆች የመብራት ማማዎች በቴምብር ሲያወጣ የሴንት ጆሴፉ አንዱ ነበር። ልጆችሽ በበረዶ ተሸፍኖ ያዩት ፎቶግራፍ የክረምታቸው ነው፤ ማዕበሉ ማማውን እየመታ እዚያው ላይ ይረጋበታል። በነሐሴ እንደማያገኙት ከአሁኑ ንገሪያቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ማማዎቹ የቆሙት በወንዙ ሰሜናዊ በኩል፣ ወደ ሐይቁ ዘልቆ በሚገባው የኮንክሪት መተላለፊያ ላይ ነው። ሲልቨር ቢች ደግሞ በደቡብ በኩል ነው። ከዳርቻው ተነስተሽ በደቡቡ መተላለፊያ ብትሄጂ ማማዎቹን ፊት ለፊት ታዪያቸዋለሽ፣ ለፎቶግራፍም ይኼኛው ያምራል፤ ነገር ግን በመሐል ጀልባ የሚያልፍበት ውሃ ስላለ አትደርሺባቸውም። እጃቸውን አሳርፈው መንካት ከፈለጉ በመኪና ወንዙን ተሻግራችሁ ቲስኮርኒያ ወደተባለው ፓርክ መሄድ አለባችሁ፤ መተላለፊያው ከዚያ ይጀምራል። ወደ ውስጠኛው ማማ የሚያስገባ ጉብኝትም አለ፤ በሁሉም ቀን ስላልሆነ እህትሽ ሰዓቱን አስቀድማ በከተማዋ ሙዚየም በኩል ትጠይቅላችሁ።

መተላለፊያው ላይ የሚወጣው ውሃው ጸጥ ባለ ቀን ብቻ ነው። ኮንክሪቱ እርጥብ ሆኖ ካየሽው ማዕበሉ እየወጣበት ነው ማለት ነውና ልጆቹ ቢያለቅሱም ተመለሺ። ሰው ከዚያ ላይ በማዕበል ተጠርጎ ያውቃል። ትንሹን እጁን ያዢው፤ በመሐል እንጂ በጠርዝ አትሂዱ።

ስለ ውሃው ደግሞ በዝርዝር ልንገርሽ። ጥያቄሽን አይተው አስተያየት ከሰጡት አንዱ “ሐይቅ ከሆነማ ላንጋኖ አለልሽ አይደል” ብሎሻል። ላንጋኖን እኔም እወደዋለሁ፤ ልጆቼ እግራቸውን መጀመሪያ ውሃ ውስጥ የነከሩት በዚያ ቡናማ ውሃ ነው። ሚሺጋን ግን በስሙ ብቻ ነው ሐይቅ። ስፋቱ 58,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ጣና አሥራ አምስት ጊዜ ቢገባበት ቦታ ይተርፈዋል። ያን ያህል ሜዳ ያገኘ ነፋስ የሚያነሳው ማዕበል የባሕር ማዕበል ነው፤ እንዲያውም ከውቅያኖሱ ይልቅ ተቀራርቦ ስለሚመጣ በአንዱና በሌላው መካከል ትንፋሽ መሰብሰቢያ ጊዜ አይሰጥም። ውሃው ጨው ስለሌለበትም እንደ ባሕር ከፍ አድርጎ አይዝሽም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ በመተላለፊያዎቹ አጠገብ ያለው ውሃ ነው። ነፋስ በዳርቻው ርዝመት ሲነፍስ ውሃውን እየገፋ ይወስደዋል፤ ውሃው ኮንክሪቱ ጋር ሲደርስ ማለፍ ስለማይችል ታጥፎ ግድግዳውን ይዞ ወደ ጥልቁ ይወጣል። ከላይ ሲታይ ምንም አይመስልም። አዋቂ ዋናተኛም ቢሆን አይቋቋመውም። ስለዚህ ፎጣችሁን ስታነጥፉ ከመተላለፊያው ርቃችሁ፣ ወደ ዳርቻው መሐል ሂዱ፤ ልጆቹም ወደዚያ አቅጣጫ እንዳይዋኙ ከልክያቸው። በዳርቻው ላይ ባንዲራ ይሰቀላል። አረንጓዴ ሲሆን ውሃው የተረጋጋ ነው፤ ቢጫ ሲሆን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ቀይ ሲሆን አትግቡ፤ ሁለት ቀይ ከሆነ ውሃው ተዘግቷል። እኔ ልጆቼን በቢጫም ከጉልበታቸው በላይ አላስገባም። ሌላው ይስቅብኛል፣ እኔ ግን አልለውጠውም።

የታችኛው መሬትም ያታልላል። ልጅ እየሄደ ወገቡ ከደረሰ በኋላ ድንገት ይጠልቃል፤ ትንሽ አልፎ እንደገና ጉልበት ድረስ የሚመጣ የአሸዋ ጉብታ ይገኛል። ትልልቆቹ ጉብታው ላይ ቆመው ሲጫወቱ ያየ ትንሽ ልጅ ወደ እነሱ ልሻገር ሲል መካከሉ ላይ ይሰጥማል። በአየር የሚነፉትን መንሳፈፊያዎች ደግሞ እቤት ትታችኋቸው ሂዱ። ነፋስ ከየብስ ወደ ሐይቁ በሚነፍስበት ቀን ዳርቻው ዝም ያለ ይመስላል፤ መንሳፈፊያው ላይ የተኛው ልጅ ግን ሳይታወቅ እየራቀ ይሄዳል። በእነሱ ፋንታ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ማረጋገጫ ያለው፣ በክብደታቸው ልክ የሆነ የመንሳፈፊያ ሰደርያ እዚያው ግዙላቸው። ልጆችሽን ከመሄዳችሁ በፊት ለጥቂት ሳምንታት ወደ ሂልተን ወይም ወደሚቀርብሽ ሌላ ገንዳ ውሰጃቸው፤ ዓላማው ፈጥኖ መዋኘት ሳይሆን ጀርባ ላይ ተኝቶ መንሳፈፍ ይሁን። ውሃው ወደ ጥልቁ ሲጎትት መታገል ያደክማል፤ ጀርባ ላይ ተኝቶ ተንሳፍፎ፣ ጉተታው ሲላላ በጎን በኩል መውጣት ያድናል። በገንዳ የለመደ ልጅ ሁልጊዜ የሚይዘው ግድግዳ እንዳለ ያስባልና ይህንን ደጋግመሽ ንገሪው።

ውሃው በሞቃት ቀን በጣም ቢቀዘቅዝባችሁም አትደነቁ። ከሰሜን የሚነፍስ ነፋስ የሞቀውን የላዩን ውሃ ከዳርቻው ሲያርቀው ከሥር ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። ትናንት የተዋኙበት ዛሬ እግር ያደነዝዛል። ያን ቀን ፏፏቴውና ፈረሶቹ አሉላችሁ።

ጉዞው ከቺካጎ በመኪና 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባቡሩ ዳርቻው አጠገብ ማውረዱ ለልጆች ደስ ይላል፤ ነገር ግን ከቺካጎ የሚነሳው ማምሻውን፣ የሚመለሰው ጠዋት ስለሆነ ለደርሶ መልስ አይሆንም፣ ማደር ይጠይቃል። ሴንት ጆሴፍ ያለችበት የሚሺጋን ግዛት ሰዓት ከቺካጎ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ የጉብኝት ቀጠሮ ካላችሁ አስቡበት። ቅዳሜና እሑድ የመኪና ማቆሚያው ቶሎ ስለሚሞላ በሥራ ቀን ሂዱ፣ ክፍያም አለው። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁና መንገዱ ከረዘመባችሁ፣ ሚሺጋን ሲቲ የምትባለው የኢንዲያና ከተማ ይበልጥ ለቺካጎ ትቀርባለች፤ እሷም ዳርቻና በ1904 የተሠራ የመብራት ማማ አላት። እኔ ግን ለልጆችና ለእናት ሴንት ጆሴፍን እመርጣለሁ፤ እንዲያውም አንድ ሌሊት ብታድሩ ይሻላል። በበጋቸው ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ልጆቹ ምሳ በልተው ቢተኙ ኋላ ሙቀቱ ሲበርድ ረጅም ጊዜ ያገኛሉ።

የፍልሰታውን ነገር አታስቢበት። ዳርቻው ላይ የሚሸጠው አብዛኛው ቺዝና ሥጋ ያለበት ነው፤ ስለዚህ እህትሽ ሽሮና አልጫ ከእንጀራው ጋር በሣጥን ትቋጥር፣ እናትሽ አፋፉ ላይ ጥላ ሥር ይብሉ። ከዚያ ውጭ ግን ጊዜው ለጾመኛ የተመቸ ነው። ሐይቁ ቅዝቃዜውንም ሙቀቱንም ስለሚያለዝበው ያ አካባቢ በፍራፍሬ የታወቀ ነው፤ ነሐሴ ላይ ኮኩም፣ ብሉቤሪ የሚባለው ትንሽ ሰማያዊ ፍሬም ደርሶ ይገኛል። የእርሻ ባለቤቶቹ መንገድ ዳር ይሸጣሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ራሳችሁ ገብታችሁ እንድትለቅሙ ይፈቅዳሉ። ለልጆቹ ከሐይቁ የማይተናነስ ደስታ ነውና ስትመለሱ ሳይሆን ስትሄዱ፣ ጠዋት ሳይሞቅ ቁሙበት። ኮኩን ግን በጥላ አስቀምጡ፤ በፀሐይ መኪና ውስጥ ከቆየ ቶሎ ይላሽቃል።