«ሰኞ እንሰራዋለን» ያልኳት ልጅ

ባለፈው ሳምንት ጅማ ፈረንጅ አራዳ ቡና እየጠጣን የእህቴ ልጅ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ዘንድሮ በፊዚክስ ተመርቃለች። «ጋሼ፣ ላስተምር ወይስ ባንክ ልግባ?» መልስ አጣሁ። ጥያቄዋ የቆየ ቁስል ነካብኝ።

ወጣት ሳለሁ ሊሙ መስመር ላይ ባለች ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር። የፊዚክስ መምህር እኔ ብቻ ነኝ። ቤተ ሙከራ የለም። ኤሌክትሪክ ስንጀምር ሽቦና ትንሽ አምፖል ከጅማ መርካቶ ገዛሁና «የባትሪ ድንጋይ ያለው ያምጣ» አልኳቸው። አርብ አንዲት ልጅ ሁለት ድንጋይ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች። አባቷ ሌሊት ቡና ሲጠብቅ ከሚይዘው ባትሪ አውጥታ ነው፤ ሳይመሽ መመለስ አለባት። ግን ደወል ተደወለ። «ሰኞ እንሰራዋለን» አልኳት። መልሳ ቋጠረችው።

ቅዳሜ ጅማ ገባሁ። ሌላ መስሪያ ቤት እጥፍ ደሞዝ ሊከፍለኝ ጠራኝ፣ ሰኞ ፈረምኩ። ወሩ የካቲት ነበር። ኋላ ስሰማ እስከ ሰኔ የስፖርት መምህሩ በእኔ ክፍለ ጊዜ እየገባ ኖት ሲያስገለብጣቸው ከርሟል።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ብዙ ሰው ልጆቹን ወቀሰ። እኔ ያሰብኩት ስንቱ ክፍል የካቲት ላይ መምህር አጥቶ ይሆን ብዬ ነው።

የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ፣ ሳትቀጠሩ መልቀቂያ ታስባላችሁ። ግን በገንዘቡ አልፈርድባችሁም፤ የቤት ኪራይ በየወሩ ነው የሚጠየቀው። አሜሪካኖች የሂሳብ፣ የሳይንስና የልዩ ፍላጎት መምህር ድሃ ሰፈር አምስት ዓመት ካስተማረ እስከ 17,500 ዶላር የትምህርት ዕዳውን ይሰርዙለታል። ድሮ ለሳይንስ መምህር ይጨመር ሲባል «የታሪክ መምህሩ ምን በደለ?» እያልኩ እከራከር ነበር። ዛሬም ግማሽ ልቤ እዚያው ነው። ግን አንድም ሰው የሌለበት ትምህርት ሰው እንዲያገኝ ከተፈለገ ብር መጨመር የግድ ነው።

የእህቴ ልጅ፣ ማስተማር ከገባሽ ከመፈረምሽ በፊት ስለ ደሞዙም ስለ ቤቱም ሳታፍሪ ጠይቂ። ካልሆነልሽ ልቀቂ፤ ግን ሰኔ ላይ፣ የጀመርሽውን ጨርሰሽ።

ያቺ ልጅ ሰኞ ድንጋዮቹን ይዛ መጥታ እንደሆነ እስከ ዛሬ ማንንም ጠይቄ አላውቅም።